ከሽንኩርት ልጣጭ እስከ ጉንጭ፦ አንድ ሴል ውስጥ ምን አለ?

የባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ያለችውን ሥዕል የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። አንድ ክብ፣ አንድ አራት ማዕዘን። ክቡ የእንስሳ ሴል ነው፣ አራት ማዕዘኑ የዕፅዋት። ውስጣቸው ባለ ቀለም ነገሮች ተበትነዋል፤ ከእያንዳንዱ መስመር ወጥቶ ጫፉ ላይ ስም ተጽፏል። ተማሪ ስሞቹን ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይዘረግፋቸዋል፣ በሳምንቱ ይረሳቸዋል። አይፈረድበትም። ሥዕሏ ማን ማን እንደሚባል እንጂ ማን ምን እንደሚሠራ አትናገርም።

እዚህ ሥራውን እናስቀድም። ስም ከሥራው ጋር ሲመጣ ቶሎ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። የሁለቱ ሴሎች ልዩነት ተብለው የሚዘረዘሩት ግድግዳ፣ ቫኩዎል የሚባለው ትልቅ የውሃ ከረጢትና በብርሃን ስኳር የሚሠራው አረንጓዴ ክሎሮፕላስት እንደ ሦስት የተለያዩ ነጥቦች ይሸመደዳሉ። እኔ ሦስቱንም ከአንድ ምንጭ ነው የምቀዳቸው። ተክል በበቀለበት ቆሞ ይኖራል፤ እንስሳ ተንቀሳቅሶ ይበላል። የቀረው ሁሉ የዚህ ውጤት ነው።

ሁለት ስላይድ

ሽንኩርት ሲከፈል ከእያንዳንዱ ንጣፍ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ይላጣል። ትንሽ ቆርጦ መስታወት ላይ መዘርጋት፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ጠብ ማድረግ፣ በስስ መስታወት ከድኖ ማይክሮስኮፕ ሥር ማስገባት ነው። ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጎን ለጎን ክፍተት ሳይተዉ የተገጣጠሙ ክፍሎች ይታያሉ። በየክፍሉ አንድ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጥብ አለ። ነጥቡ የሴሉን ዲኤንኤ የያዘው ኒውክለስ ነው። ልብ ብሎ ላየ ሰው ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ የለም፤ ወደ ዳር ተገፍቶ ግድግዳው ሥር ተለጥፏል። ማን እንደገፋው ኋላ እንመጣበታለን።

ሁለተኛው ስላይድ ከራሳችን የሚወሰድ ነው። የጉንጭን ውስጠኛ ክፍል በንጹህ ጥጥ ቀስ ብሎ ጠረግ ማድረግ፣ መስታወቱ ላይ መቀባት፣ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ጠብ ማድረግ። አሁን የሚታየው የተለየ ነው። ሴሎቹ ተበታትነዋል፤ ቅርጻቸው አይመሳሰልም። አንዱ ተጣጥፏል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ላይ ተደርቧል። ኒውክለሱ ጠቆር ብሎ መሃል አካባቢ ይታያል። የሚያቆማቸው ግድግዳ ስለሌለ ባገኙት መልክ ይተኛሉ።

የሽንኩርቱ ስላይድ ላይ አረንጓዴ ነገር ፈልጎ ያጣ ተማሪ ግራ ይጋባል። መጽሐፉ የዕፅዋት ሴል ክሎሮፕላስት አለው ብሎታላ! ይህኛው ክፍል ግን አፈር ውስጥ ነው ያደገው። ብርሃን በሌለበት አረንጓዴ ቀለም ምን ይሠራል? መጽሐፉ ላይ ያለው ሴል በእውን የትም የለም፤ ከብዙ ዓይነት ሴሎች ተለቃቅሞ የተሳለ ነው። የቀይ ደም ሴላችን ኒውክለስም ኃይል አመንጪው ሚቶኮንድሪያም የለውም። እንዲያውም በዛፍ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣባቸው ቱቦዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ሴሎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። የሚቀረው ግድግዳቸው ብቻ ነው፤ ውሃ የሚያልፈውም በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

የሴል ታሪክ የተጀመረውም በባዶ ግድግዳ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ያሳተመው የቡሽ ሥዕል ትንንሽ ባዶ ክፍሎች የተደረደሩበት ነበር። ቡሽ የሞተ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሁክ ያየው ሕይወት የወጣለትን ሴል አጥር ነበር፤ ውስጡ የነበረው ሁሉ ቀድሞ ጠፍቷል። ኒውክለስን በስሙ የጠራው ሮበርት ብራውን ሲሆን ያ የሆነው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕፅዋትም እንስሳም ከሴል የተሠሩ መሆናቸውን ሽላይደንና ሽቫን በ1838 እና በ1839 ጻፉ። ከሁክ በኋላ ወደ 170 ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ሁሉም ከሽፋኑ ይጀምራል

ሴልን ሴል የሚያደርገው ሽፋኑ ነው። ሽፋን ከሌለ ውስጥ የለም፣ ውጭም የለም። የሴል ሜምብሬን የሚባለው ይህ ሽፋን ውፍረቱ 10 ናኖ ሜትር አይሞላም። መቶ ሺህ ሽፋን ቢነባበር አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

በዋናነት የተሠራው ፎስፎሊፒድ ከሚባል የቅባት ዓይነት ነው። የእያንዳንዱ ሞለኪውል ራስ ውሃ ይወዳል፤ ሁለቱ ጭራዎቹ ከውሃ ይሸሻሉ። ውሃ ውስጥ ብትጨምሯቸው ማንም ሳያዛቸው ይሰለፋሉ። ጭራ ከጭራ ይገጥማል፣ ራስ ወደ ውሃ ይዞራል፣ ድርብ ንጣፍ ይሆናል። ትንሽ ቢቀደድ ራሱ ይገጥማል፤ ምክንያቱም ክፍት ጠርዝ ካለ ጭራዎቹ ውሃ ይነካቸዋል። ሕይወት ይህን የሚያህል ነገር በነፃ ማግኘቷ ሁሌም ይገርመኛል።

ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ሽፋን ሰተት ብለው ያልፋሉ። ስኳርና የጨው አዮኖች ግን ዝም ብለው አያልፉም። ለእነሱ ሽፋኑ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዳንዱ መተላለፊያ ነው፣ አንዳንዱ ፓምፕ። ውሃ እንኳ የራሱ መተላለፊያ አለው፤ አኳፖሪን ይባላል። ፒተር አግሬ ይህን በማግኘቱ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከፓምፖቹ ደግሞ ዋናው ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባው ነው። ቀንም ሌሊትም አያርፍም። አንጎላችን ከሚያቃጥለው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው።

ይህ ሽፋን ግን ዳር ብቻ አይደለም ያለው። ሥዕሏ ላይ ስም ከተጻፈላቸው ክፍሎች አብዛኞቹ በዚሁ ዓይነት ሽፋን የታጠሩ ናቸው። ለምን ታጠሩ? ሴል ውስጥ በአንድ ጊዜ የማይስማሙ ሥራዎች ይሠራሉ። አንዱ ጋ ፕሮቲን ይገነባል፣ ሌላው ጋ ፕሮቲን ይፈርሳል። አንዱ አሲድ ይፈልጋል፣ ሌላው አሲድ ይገድለዋል። ሁሉም አንድ ላይ ቢቀላቀል አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። እኔን ቢጠይቁኝ ከስሞቹ ሁሉ በፊት መማር ያለበት ይህ ነው።

የአንድ ኢንሱሊን ጉዞ

ኒውክለስ፣ ራይቦዞም፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ጎልጂ። አራቱን ለየብቻ ከማብራራት አንድ ፕሮቲን ከመነሻው እስከ መውጫው መከተል ይሻላል። የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ኢንሱሊንን እንከተል። የሚሠራው በጣፊያችን ሳይሆን በቆሽታችን ውስጥ ባሉ ቤታ በሚባሉ ሴሎች ነው።

ትዕዛዙ ያለው ኒውክለስ ውስጥ ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ የተጠቀለለው ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ በሚያንስ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ዋናው ዲኤንኤ ከዚያ አይወጣም። ከኢንሱሊኑ ጂን ላይ አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ይወሰድና ቅጂው ብቻ በኒውክለሱ ሽፋን ላይ ካሉት ብዙ ቀዳዳዎች በአንዱ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ያገኙትን አያሳልፉም። ትልልቅ ሞለኪውል የይለፍ ምልክት ከሌለው ይመለሳል።

ቅጂውን ውጭ የሚጠብቀው ራይቦዞም ነው። ራይቦዞም አርኤንኤውን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ይቀጥላል። በአንድ ሴል ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ራይቦዞሞች ሊኖሩ ይችላሉ። ሽፋን የላቸውም፤ ባክቴሪያ ውስጥም ጭምር አሉ።

አሁን ነው ጨዋታው የሚጀምረው። የኢንሱሊን ሰንሰለት የመጀመሪያዎቹ 24 አሚኖ አሲዶች አድራሻ ናቸው። ከራይቦዞሙ ብቅ ሲሉ አድራሻ አንባቢ የሆነ ቅንጣት ይይዛቸዋል፣ ሥራውን ለጊዜው ያስቆማል፣ ራይቦዞሙን ከነሰንሰለቱ ጎትቶ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ኒውክለሱን ከቦ የተጣጠፈ ሰፊ የሽፋን መረብ ነው። ራይቦዞም የተለጠፈበት ክፍሉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሻካራ ስለሚመስል ሻካራው ይባላል። ሥራው ይቀጥላል፤ ሰንሰለቱ ግን አሁን የሚወርደው በሽፋኑ ቀዳዳ በኩል ወደ መረቡ ውስጥ ነው። አድራሻው እዚያው ይቆረጣል። ሥራውን ጨርሷል። ፕሮቲኖች አድራሻቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው እንደሚሄዱ ያሳየው ጉንተር ብሎበል ነው፤ ኖቤሉን በ1999 አገኘ።

መረቡ ውስጥ ሰንሰለቱ ይታጠፋል። ሦስት የድኝ ማያያዣዎች በትክክለኛ ቦታቸው መግባት አለባቸው። አጣጠፉ የተበላሸ እዚያው ይያዛል፤ ካልተስተካከለ ተመልሶ ይወጣና ይፈርሳል። የተሳካለት በትንሽ የሽፋን ከረጢት ተይዞ ወደ ጎልጂ ይሄዳል።

ጎልጂ የተነባበሩ ጠፍጣፋ ከረጢቶች ስብስብ ነው። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1898 በነርቭ ሴል ውስጥ አይቶ ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም። ቀለሙ የፈጠረው ቆሻሻ ነው ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪመጣ ድረስ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ሥራው የመጣውን ፕሮቲን ማስተካከል፣ መለየትና ወደየሚሄድበት መላክ ነው። ኢንሱሊኑን ለብቻው ከረጢት ውስጥ ይጨምረዋል። ከረጢቱ ውስጥ መሃሉ ተቆርጦ ይወጣና 51 አሚኖ አሲድ ያለው የተዘጋጀው ኢንሱሊን ይቀራል። ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ ሲ-ፔፕታይድ ይባላል። አይጣልም፤ ከኢንሱሊኑ ጋር አብሮ ወደ ደም ይገባል። ለዚህ ነው ሐኪም የአንድን ታካሚ ሲ-ፔፕታይድ የሚያስለካው። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ይህ ቁራጭ የለውም። ስለዚህ ደሙ ውስጥ ሲ-ፔፕታይድ ከተገኘ ሰውነቱ ራሱ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ከረጢቶቹ ከሴሉ ዳር ዳር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የደም ስኳር ሲጨምር ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ የከረጢቱ ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃዳል፣ ውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከኒውክለስ እስከ ደም ያለው መንገድ ይኸው ነው። ኢንሱሊኑ ወደ መረቡ ከገባ በኋላ ከሽፋን ወደ ሽፋን ተላለፈ እንጂ የሴሉን ፈሳሽ አንድም ጊዜ አልነካም።

ራይቦዞም ያልተለጠፈበት ለስላሳው መረብ ደግሞ ቅባት ይሠራል። ጉበት ውስጥ መድኃኒትንና መርዝን የሚያረክሰውም እሱ ነው። አንዳንድ መድኃኒት ሲደጋገም ይህ መረብ ይበዛል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርስ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሊዞዞምን በአጭሩ እንለፈው። ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ያስተዋወቀው የመፍጫ ከረጢት ነው። ውስጡ አሲድ ነው፤ ከ50 የሚበልጡ ኢንዛይሞች ያረጀውንና የተዋጠውን ይቆራርጣሉ። ኢንዛይሞቹ አሲድ ካላገኙ እምብዛም አይሠሩም። ስለዚህ አንድ ከረጢት ቢያፈስ እንኳ ሴሉ ወዲያው አይበላም። አንዷ ኢንዛይም ብቻ ስትጎድል ግን መዘዙ ከባድ ነው። ቴይ-ሳክስ በተባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የማይፈርስ ቅባት የሕፃናትን የነርቭ ሴሎች ሞልቶ ይገድላቸዋል። ተክል ውስጥ ይህን የመፍጨት ሥራ በአብዛኛው ቫኩዎሉ ይሠራዋል።

እንግዳ ሆነው ገብተው የቀሩት

«ሚቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ያውቃታል። ስሕተት የለባትም፤ ግን እንዴት የሚለውን ትዘለዋለች። ዋናው ነገር ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሚቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። ውስጠኛው በብዛት ተጣጥፏል። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በዚህ ሽፋን ላይ ካሉ ፕሮቲኖች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፉ መጨረሻ ላይ ለኦክስጅን ይሰጣሉ። በየመሃሉ በሚለቁት ጉልበት ፕሮቶኖች ወደ ሽፋኑ ማዶ ይገፋሉ። ማዶ ይጠራቀማሉ፤ ለመመለስም ይጋፋሉ። ሽፋኑ አያሳልፋቸውም። የተተወላቸው መንገድ ኤቲፒ ሲንቴዝ በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው። ይህ ፕሮቲን በትክክል ይሽከረከራል፤ በሰከንድ ከመቶ ዙር በላይ መዞር ይችላል። በዞረ ቁጥር ኤቲፒ ይወጣል። ሴሉ ለሥራው ሁሉ የሚከፍለው በዚህ ኤቲፒ ነው።

ፒተር ሚቼል ይህን ሐሳብ በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ሽፋን እንዴት ኃይል ያስቀምጣል? በ1978 ግን ኖቤሉን ብቻውን ወሰደ። መዞሩን ያብራሩት ፖል ቦየርና ጆን ዎከር ደግሞ በ1997 ተሸለሙ። ሳያናይድ የተባለው መርዝ የሚገድለው እዚሁ መስመር ላይ ነው። ኤሌክትሮን ለኦክስጅን የሚሰጥበትን የመጨረሻውን ደረጃ ይዘጋል። ደም ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሴሉ ሊጠቀምበት አይችልም።

በሰውነታችን በአንድ ቅጽበት ያለው ኤቲፒ በግራም የሚቆጠር ነው። በቀን ውስጥ እየፈረሰና እየታደሰ የሚሠራው ግን ከራሳችን ክብደት ጋር ይቀራረባል። ለዚህ ነው የልብ ጡንቻ ሴል ሲሶው ገደማ ሚቶኮንድሪያ የሆነው።

ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው። ክብ ነው፤ የሰው 16,569 ፊደል ርዝመት፣ 37 ጂን። የሚወረሰው ከእናት ነው። ራይቦዞሞቹ ከእኛ ይልቅ የባክቴሪያን ይመስላሉ፤ ክሎራምፌኒኮልን የመሰሉ ባክቴሪያን የሚያጠቁ መድኃኒቶች የሚቶኮንድሪያንም ሥራ ሊያውኩ የሚችሉት ለዚህ ነው። ሁሉም ምልክት ወደ አንድ ታሪክ ያመራል፤ ሚቶኮንድሪያ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ ነበር። ሊን ማርጉሊስ ይህን የሚከራከር ጽሑፏን በብዙ መጽሔቶች ከተመለሰባት በኋላ በ1967 አሳተመች። ዛሬ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ እውቀት ነው።

ክሎሮፕላስትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እሱ የመጣው ብርሃን ተጠቅሞ ራሱን ይመግብ ከነበረ ሳያኖባክቴሪያ ከሚባል ወገን ነው። እዚህ ጋ ግን በጣም የተለመደች ስሕተት አለች። ብዙ ሰው እንስሳ ሚቶኮንድሪያ አለው፣ ተክል በምትኩ ክሎሮፕላስት አለው ብሎ ያስባል። አይደለም። ተክል ሁለቱም አለው። ክሎሮፕላስት ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩን አቃጥሎ ኤቲፒ የሚያወጣው ግን እንደ እኛው ሚቶኮንድሪያ ነው። ሌሊት ደግሞ ብርሃን ስለሌለ ቅጠሉ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሥርማ ቀንም ሌሊትም እንዲያ ነው የሚኖረው።

ክሎሮፕላስት ውስጥ እንደ ሚቶኮንድሪያ ሁሉ ፕሮቶን የሚጠራቀምበት ሽፋን አለ። ልዩነቱ ገፊው ብርሃን መሆኑ ነው። ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ ብዙውን አረንጓዴ ስለሚመልስ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። በብርሃኑ ጉልበት ውሃ ይሰነጠቃል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን የዚህ ሥራ ትርፍራፊ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወደ ስኳር የሚያስገባው ኢንዛይም ሩቢስኮ ይባላል፤ ቀርፋፋ ነው፣ በሰከንድ ሦስት ገደማ ሞለኪውል ብቻ ይይዛል። ተክል ይህን የሚያካክሰው በብዛት ነው። በአንድ ቅጠል ውስጥ ካለው ፕሮቲን ትልቁ ድርሻ ሩቢስኮ ነው።

ክሎሮፕላስት አንድ ቦታ ተገትሮም አይቀርም። ብርሃን ሲበረታ ወደ ሴሉ ጎኖች ሸሽቶ ይደራረባል፤ ሲደክም ወደ ብርሃኑ ተዘርግቶ ይሰለፋል። ዘመዶችም አሉት። ፍሬ ሲበስል አረንጓዴው ወደ ቀይና ቢጫ የሚቀየረው ክሎሮፕላስቱ ራሱ ሌላ ቀለም ወደሚይዝ ክፍል ስለሚለወጥ ነው። ሥር ጫፍ ላይ ደግሞ በስታርች የተሞሉ ከባባድ ዘመዶቹ አሉ። ማሰሮው ቢገለበጥ እነሱም ወደ አዲሱ ታች ይወርዳሉ፤ ሥሩ ታች የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በእነሱ ነው።

አንድ ጠብታ ጨው

ወደ ሽንኩርቱ እንመለስ። አሁን ቀዩን ዓይነት፣ ውጪያዊውን ሐምራዊ ቆዳ እንውሰድ። ማቅለሚያ አያስፈልገውም። ማይክሮስኮፕ ሥር እያንዳንዱ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነው። ቀለሙ ያለው ቫኩዎሉ ውስጥ ነው። ቫኩዎል በሽፋን የታጠረ የውሃ ከረጢት ነው፤ በበሰለ የተክል ሴል ውስጥ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ኒውክለሱን ወደ ግድግዳ የገፋው እሱ ነው።

በመስታወቱ ጠርዝ የጠነከረ የጨው ውሃ ጠብ ይደረግ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ሐምራዊው ከማዕዘኖቹ መሸሽ ይጀምራል። ቀስ እያለ ይሰበሰባል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ በግድግዳው መሃል የተንጠለጠለ ክብ ይሆናል። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ውሃው ወደ ጨውነቱ ወደ በረታበት ወጥቷል። አሁን ጨዉን በንጹህ ውሃ ብናጥበው ሐምራዊው ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል። በጣም ካልቆየ ሴሉ አልሞተም። ስለ ሴል ከማንበብ ይህችን አንድ ጊዜ ማየት ይበልጣል።

ይሄኔ የግድግዳውና የቫኩዎሉ ሥራ አንድ ላይ ይታያል። ቫኩዎሉ ስኳርና አዮን ስለያዘ ውሃ ይስባል፤ ያብጣል። ግድግዳው ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ይይዘዋል። አየር የተሞላ የመኪና ጎማ እንዲሁ ነው የሚጠነክረው፤ ውስጡ ይገፋል፣ ውጩ ይይዛል። በተክል ሴል ውስጥ ያለው ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከጎማው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንጨት የሌለው ለጋ ተክል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ግፊት ነው። ውሃ ሲጠማው ግፊቱ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል።

የእንስሳ ሴል ይህን አይችልም። የቀይ ደም ሴል ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ አብጦ ይፈነዳል። ጨው የበዛበት ውስጥ ቢገባ ይጨማደዳል። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ 0.9 በመቶ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው። እኛ ግድግዳ ስለሌለን በሴሎቻችን ዙሪያ ያለው ፈሳሽ መለካት አለበት። ኩላሊታችን ዕድሜውን ሙሉ የሚደክምበት አንዱ ሥራ ይኸው ነው።

ቫኩዎል ሌላም ጥቅም አለው፤ ርካሽ ነው። ተክል ብርሃን ፍለጋ አይራመድም። ያለው አማራጭ በብዙ አቅጣጫ መዘርጋት ነው። ሴሉን በሙሉ በፕሮቲን ሞልቶ ቢያድግ ኪሳራው አይቻልም። ስለዚህ በውሃ ይሞላዋል። ግድግዳው ለጊዜው ይላላል፣ ግፊቱ ይለጥጠዋል፣ ሴሉ ብዙ ወጪ ሳያወጣ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ግድግዳው የሚገነባው ከሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ስኳር ተቀጣጥሎ የሚሆን ክር ነው። ስኳሩን የሚያቀርበው ክሎሮፕላስት ነው። ሦስቱ ልዩነቶች እንዲህ ነው የሚያያዙት፤ አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ያሰፋል፣ አንዱ ያጸናል።

ግድግዳ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በግድግዳ የታጠረ ሴል መዳህ፣ መዋጥ፣ መጨበጥ አይችልም። ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘው ግድግዳውን ሰንጥቀው በሚያልፉ ቀጫጭን የሽፋን መተላለፊያዎች ነው። ሲከፈልም መንገዱ ይለያል። የእንስሳ ሴል መሃሉ ላይ ታንቆ ለሁለት ይቆረጣል። የተክል ሴል መታነቅ ስለማይችል ከጎልጂ የመጡ ከረጢቶች መሃል ላይ ይሰለፋሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ አዲስ ግድግዳ ከመሃል ወደ ዳር ይዘረጋሉ።

የእንስሳ ሴል በግድግዳ ፋንታ ውስጣዊ ማገር አለው። ተክልም ቢሆን አለው፤ እንስሳ ግን የቅርፁም የመንቀሳቀሱም መሠረት አድርጎታል። ከፕሮቲን የተሠሩ ክሮችና ቱቦዎች ናቸው፤ ከአንድ ጫፍ ይገነባሉ፣ ከሌላው ይፈርሳሉ። በቱቦዎቹ ላይ ካይኔሲን የሚባል ፕሮቲን ከረጢት ተሸክሞ በ8 ናኖ ሜትር እርምጃ ይራመዳል። ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት የሚደርስ የነርቭ ሴል ርዝመቱ ሜትር ገደማ ነው፤ ኒውክለሱ አጠገብ የተሠራው ዕቃ ጫፉ ድረስ የሚሄደው በዚህ ነው። ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያ አሳድዶ የሚውጠው ዳር ዳሩ ላይ ያሉትን ክሮች እየገነባና እያፈረሰ ነው።

ይህ ነፃነት መዘዝም አለው። የእንስሳ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ የሚሆነው ሴሎቹ ከቦታቸው ተነቅለው፣ ደም ውስጥ ገብተው፣ ሌላ አካል ላይ ሲያርፉ ነው። ተክልም ዕጢ ያወጣል። አግሮባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያ የራሱን ዲኤንኤ ቁራጭ ወደ ተክሉ ሴል ያስገባና ግንዱ ላይ እብጠት ያበቅላል። ዛፉ ያንን እብጠት ተሸክሞ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። የእብጠቱ ሴሎች ቢበዙም ከጎረቤታቸው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ፔክቲን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር ስለተጣበቁ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መሄድ አይችሉም።